ማክሰኞ ላይ የሚበላሽ ማራቶን

ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 27 ቀን 2025 በለንደን ጎዳናዎች 2:15:50 ሮጣ፣ ሴቶች ለብቻቸው በሚወዳደሩበት ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ዜናው በአገራችን የተነገረው እንደ ልማዳችን ነው፤ አሸናፊዋ፣ ሰዓቷ፣ ባንዲራው፣ ከዚያ ወደ ሌላ ወሬ። ከእሷ በኋላ ግን ሰው ሲገባ ዋለ። በዚያ ዕለት ውድድሩን የጨረሱት 56,640 ነበሩ፤ ነርሶች፣ አስተማሪዎች፣ የሒሳብ ሠራተኞች፣ የአውቶቡስ ሾፌሮች፣ ጡረተኞች። ውድድሩ በ1981 ሲጀመር የጨረሱት 6,255 ነበሩ። ለ2026ቱ ደግሞ ዕጣ ውስጥ ለመግባት ብቻ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ማራቶንን ከሜዳሊያ ጋር አያይዘን ላደግን ሰዎች ትልቁ ለውጥ የመጣው ካሜራው ከሚከተላቸው ሯጮች ኋላ መሆኑን ልብ ማለት ይገባናል። በለንደን፣ በፓሪስ፣ በሮተርዳም፣ በቦስተን በየጸደዩ የሚሰለፈው ሕዝብ የሚዘጋጀው በክረምት ነው። ጃንዋሪ ላይ ለንደን ውስጥ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ሲሆን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች፤ ስለዚህ የቢሮ ሠራተኛ የሆነ ሯጭ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚሮጠው በጨለማ ነው። በእጁ ያለው መሪ ደግሞ ፍሪጅ ላይ የለጠፈው ወይም በስልኩ የሚደርሰው የልምምድ እቅድ ነው።

እቅዱ አብዛኛውን ጊዜ 16 ሳምንት ነው፤ 12ም 20ም የሆነ አለ። ለጀማሪ የሚሰጠው ሲታይ የሚከብድ አይመስልም። ሰኞ እረፍት፣ ማክሰኞ 40 ደቂቃ ቀላል ሩጫ፣ ረቡዕ እረፍት፣ ሐሙስ ፈጠን ያለ ሥራ፣ ዓርብ እረፍት፣ ቅዳሜ ግማሽ ሰዓት ቀላል፣ እሁድ ረጅም ሩጫ። የእሁዱ ቁጥር ከ10 ወይም ከ12 ኪሎ ሜትር ተነሥቶ 30 አካባቢ ይደርስና በመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ይቀንሳል። የሁሉም ሰው ዓይን ያለው እሁድ ላይ ነው። ለጓደኛ የሚወራው እሁድ ነው፣ ፎቶ የሚለጠፈውም የእሁዱ ነው።

እኔ ግን የአማተሩ ማራቶን በአብዛኛው የሚሠራውም የሚበላሸውም ማክሰኞ ላይ ነው እላለሁ። ማንም በማያያት፣ ከሥራ መልስ በብርድ በምትሮጠው በዚያች 40 ደቂቃ። እቅዱ «ቀላል» ብሎ የጻፈውን ሯጩ ቀላል አድርጎ አይሮጠውም። ሰዓት ስለሚያጥረው ቶሎ ቶሎ ይላል፣ ብርዱ ይገፋፋዋል፣ ሩጫው በመተግበሪያው ላይ ለወዳጆቹ ስለሚታይ ዝግ ያለ ቁጥር ማስመዝገብ ያሳፍረዋል። ላብ ካላጠመቀው የሠራ አይመስለውም። በዚህ መንገድ ሐሙስ ለፈጣን ሥራ ሲወጣ እግሩ ደክሟል፤ እሁድ ለረጅሙ ሲወጣ ደግሞ የሁለቱንም ድካም ተሸክሟል። በየቀኑ መካከለኛ ፍጥነት ይሮጣል፤ ቀላሉ ቀላል፣ ከባዱም ከባድ ሳይሆን 16 ሳምንት ያልቃል።

ቀላሉን በቀላሉ ሩጥ የሚለው ምክር አዲስ አይደለም፤ ታሪኩም ከእኛ ታሪክ ጋር ይገናኛል። በ1960 ሮም ላይ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ 2:15:16 ሲያሸንፍ ሦስተኛ የወጣው የኒውዚላንዱ ባሪ ማጊ ነበር። የአበበ አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን መሆኑን እናውቃለን። ማጊን ያሠለጠነው ደግሞ አርተር ሊዲያርድ ነው፤ በዚያው ኦሎምፒክ ሌሎቹ ሠልጣኞቹ ፒተር ስኔል በ800 ሜትር፣ ሙሬይ ሃልበርግ በ5,000 ሜትር ወርቅ ወስደዋል። የሊዲያርድ ሐሳብ ብዙዎችን ያስገረመው የ800 ሜትር ሯጭን ሳይቀር እንደ ማራቶን ሯጭ በሳምንት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ማስሮጡ ነው። መጀመሪያ ለወራት ረጅምና የተረጋጋ ሩጫ፣ ከዚያ ዳገት፣ ከዚያ ፍጥነት፣ በመጨረሻ ውድድር። ዛሬ በስልክ የሚላከው እቅድ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ አጥንቱ ይህ ነው።

ይኸው ሊዲያርድ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኦክላንድ ውስጥ ተራ ሰዎችን፣ ዕድሜያቸው የገፋና ሰውነታቸው የከበደ ጎልማሶችን ሳይቀር ሶምሶማ አስጀመረ። አሜሪካዊው አሠልጣኝ ቢል ቦወርማን፣ ኋላ ከናይኪ መሥራቾች አንዱ የሆነው፣ ሄዶ አየና ነገሩን ኦሬገን ይዞ ተመለሰ፤ ስለ ሶምሶማም መጽሐፍ ጻፈ። የአማተር ሩጫ ማዕበል ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። በጉዞው ላይ የጠፋ አንድ ነገር ግን አለ። የሊዲያርድ ሠልጣኞች ዳገቱና ፍጥነቱ ከመድረሱ በፊት ለወራት የሮጡት ረጅሙ መሠረት በ16 ሳምንቱ እቅድ ውስጥ የለም። እቅዱ ያ መሠረት ቀድሞ እንዳለ ቆጥሮ ይጀምራል፤ ሯጩ ግን ከገና በዓል ድግስ ተነሥቶ ይጀምራል።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት የተለወጠው ይህን ሁሉ በማስረጃ ማየት መቻሉ ነው። ድሮ ስለ ሩጫ ልምምድ የሚጠኑት ጥቂት ምርጥ አትሌቶች ነበሩ። አሁን አማተሩ ራሱ በእጁ ሰዓት እያንዳንዱን እርምጃ ስለሚመዘግብ፣ ተመራማሪዎች በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ተራ ሰዎችን ልምምድ አንድ ላይ ማየት ችለዋል። በ2024 የታተመ አንድ ጥናት 119,452 የማራቶን ሯጮች ከውድድሩ በፊት ባሉት 16 ሳምንታት ያደረጉትን መዝግቦ አወዳደረ። የሁሉም አማካይ በሳምንት 45 ኪሎ ሜትር ነበር። ማራቶኑን ከ2 ሰዓት ተኩል በታች የጨረሱት ከዝግተኞቹ ከሦስት እጥፍ በላይ ሮጠዋል። ዋናው ቁም ነገር ያ ትርፍ ኪሎ ሜትር ምን ዓይነት ሩጫ ነው የሚለው ነው። በመካከለኛና በከባድ ሩጫ መጠን ፈጣኖቹና ዝግተኞቹ ብዙም አልተራራቁም፤ ፈጣኖቹ የበለጡት ሰው እያወራ ሊሮጠው በሚችለው በቀላሉ ሩጫ ነው።

እርግጥ ይህ ዓይነቱ ጥናት ቀላል ሩጫ ሰውን ፈጣን እንደሚያደርግ ብቻውን አያረጋግጥም። ተፈጥሮ የረዳው ሰው ብዙ መሮጥ ስለሚችል ብዙ ሮጦ ሊሆን ይችላል። የሰውነት አሠራር ግን ከውጤቱ ጋር ይስማማል። በዝግታ ብዙ መሮጥ ልብ በአንድ ምት የሚረጨውን ደም ይጨምራል፣ በጡንቻ ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያበዛል፣ ሰውነት ስብን እንዲያቃጥል ያሠለጥናል። ለማራቶን ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በየኪሎ ሜትሩ በግምት 70 ካሎሪ ያወጣል፤ ለ42 ኪሎ ሜትር ወደ 3,000 ይጠጋል ማለት ነው። በጡንቻውና በጉበቱ ያጠራቀመው ስኳር ግን ወደ 2,000 ካሎሪ ያህል ነው። ጉድለቱን የሚሞላው ስብና በመንገድ ላይ የሚወስደው ምግብ ነው። ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ እግር የሚከዳው በአብዛኛው በዚህ ሒሳብ ነው።

ሌላም አለ። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይለመዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። አምስተኛው ሳምንት ላይ ሯጩ «ትንፋሼ ጥሩ ነው» ይላል፣ እውነቱንም ነው፤ የተረከዙ ጅማትና ቅልጥሙ ግን ገና አልደረሱም። ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ የፊዚዮቴራፒ ቤቶችን የሚያጨናንቀው ይህ ክፍተት ነው።

በእንጦጦ ወይም በየካ ጫካ ማለዳ የሄደ ሰው ቀላሉን ቀላል የማድረግን ትምህርት በዓይኑ አይቷል። ሯጮች በነጠላ ሰልፍ፣ አንዱ የሌላውን ተረከዝ እየተከተለ፣ በባሕር ዛፉ መካከል እየተጠማዘዙ ይሄዳሉ። ከመካከላቸው ማራቶንን በ2 ሰዓት ከምናምን የሚሮጥ ይኖራል፤ እርምጃው ግን ሲያዩት ማንም ሊከተለው የሚችል ይመስላል። ፊት ያለው መንገድ ይመርጣል፣ ድንጋይ ሲያይ በእጁ ያመለክታል፣ ዳገት ሲመጣ ያሳጥራል። ያ የጫካ ቀን ነው። የኮሮኮንች ቀን ሌላ ነው፣ የአስፋልት ቀን ደግሞ ሌላ፤ ለዚያ ሌሊት ተነሥቶ በአውቶቡስ ወደ ሰንዳፋ ወይም ወደ ሱሉልታ ይኬዳል፣ ሥራውም የጨከነ ነው። ብሪታኒያዊው አንትሮፖሎጂስት ማይክል ክሮሊ ከአዲስ አበባ ሯጮች ጋር እየኖረና እየሮጠ አጥንቶ በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለብቻ መሮጥ በእነሱ ዘንድ እንደማይወደድና ጉልበትን ለሥራው ቀን መቆጠብ ትልቅ ቁም ነገር እንደሆነ አሳይቷል። የለንደኑ አማተር ከኢትዮጵያዊ ሯጭ የሚማረው ነገር ካለ ከከፍታውና ከጫማው ይልቅ ይህ ነው፦ የጫካ ቀን የጫካ ቀን ሆኖ እንዲቀር መፍቀድ።

ወደ እሁዱ እንምጣ፤ እዚህ ደግሞ ስህተቱ ከሯጩ ይልቅ የእቅዱ ነው። በጣም ብዙ እቅዶች ረጅሙን ሩጫ 32 ኪሎ ሜትር ላይ ያደርሱታል። ለምን 32? 20 ማይል ስለሆነ ነው፤ በማይል የሚቆጥር አገር የወደደው ሙሉ ቁጥር ነው። አንድ ምርጥ አትሌት 32 ኪሎ ሜትርን በኪሎ ሜትር 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ቢሮጠው ከ2 ሰዓት በታች ይጨርሳል። ማራቶኑን በአራት ሰዓት ተኩል ለመጨረስ የሚያስብ ሰው ግን በ6 ደቂቃ ከ30 ይሮጠዋል፤ 3 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ይፈጅበታል። ለዚያውም የሳምንቱ ጠቅላላ 45 ኪሎ ሜትር ከሆነ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነውን በአንድ ጠዋት ሠራው ማለት ነው። ታዋቂው አሠልጣኝ ጃክ ዳንኤልስ ረጅሙ ሩጫ ከሳምንቱ ድምር ከ25 እስከ 30 ከመቶ፣ ወይም ከሁለት ሰዓት ተኩል እንዳይበልጥ ይመክር ነበር። ለዝግተኛ ሯጭ እኔም የምቀበለው በሰዓት መለካቱን ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ሮጦ ለአሥር ቀን የሚያነክስ ሰው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሮጦ ማክሰኞ ላይ ከሚወጣው ሰው ያነሰ ተዘጋጅቷል።

ስለ ጉዳት ያለው ዕውቀትም በቅርቡ ተናግቷል። ሯጮች ሁሉ የሚያውቁት ሕግ «የሳምንቱን ድምር ከ10 ከመቶ በላይ አትጨምር» የሚል ነው። በሆላንድ ግሮኒንገን በ2008 በ532 ጀማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ቀስ ብሎ የሚጨምረውን እቅድ ከተለመደው ጋር አወዳድሮ በጉዳት ላይ ልዩነት አላገኘም፤ በሁለቱም ቡድን ከአምስት አንዱ ያህል ተጎዳ። ብዙ ሰው ሕጉን ለመጣል ተቻኮለ። በ2025 ግን ከዴንማርክ የመጣ ሰፊ ጥናት ከ5,200 በላይ ሯጮችን ለ18 ወራት ተከታትሎ ጥያቄውን በሌላ በኩል አየው። የሳምንት ድምር መጨመሩ የሚፈራውን አደጋ አላሳየም። አደጋው የታየው አንድ ሩጫ ብቻውን ባለፉት 30 ቀናት ከተሮጠው ረጅሙ በ10 ከመቶ ሲበልጥ ነው። ከ10 እስከ 30 ከመቶ የበለጠ እንደሆነ የጉዳቱ ዕድል በ64 ከመቶ ጨመረ፤ ከእጥፍ በላይ የሆነ እንደሆነ ደግሞ ከሁለት እጥፍ አለፈ።

ይህን ወደ እቅዱ እናምጣው። ባለፈው ወር ረጅሙ ሩጫዋ 16 ኪሎ ሜትር የነበረ ሴት አለች እንበል። ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፤ ሁለት እሁድ አመለጧት። እቅዱ ግን እሷን አልጠበቀም፤ የዚህ እሁድ ሣጥን 22 ይላል። ብትሮጠው ከለመደችው 37.5 ከመቶ መዝለሏ ነው። በጥናቱ መሠረት የሚሻላት ከ17 ኪሎ ሜትር ተኩል አለማለፍ ነው። ሣጥኑ አልሞላም፤ እሷ ግን በሚቀጥለው እሁድም ትሮጣለች። ከ10 ኪሎ ሜትር ተነሥቶ በየሳምንቱ አንድ አሥረኛ እየጨመረ 31 ለመድረስ 12 ሳምንት ያለማቋረጥ ያስፈልጋል። በ16 ሳምንት ውስጥ ጉንፋን፣ የልጅ ሕመም፣ የሥራ ጉዞና የመቀነሻ ሳምንታት ሲወጡ የሚተርፍ ነገር የለም። ስለዚህ በጃንዋሪ ከዜሮ መነሣት በራሱ አደገኛ ሒሳብ ነው።

መቅረት ሁሉ አንድ አይደለም። ከ300,000 በላይ ሯጮችን ያየ ሌላ ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እስከ ስድስት ቀን የደረሰ መቋረጥ እንደገጠማቸው አሳይቷል፤ የተለመደ ነገር ነው ማለት ነው። ሰባት ቀንና ከዚያ በላይ ያቋረጡት ግን እነዚያው ሰዎች ከሰባት ቀን በታች ብቻ ካቋረጡበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸሩ ከ5 እስከ 8 ከመቶ ዘገዩ። ለአራት ሰዓት ሯጭ ከ12 እስከ 19 ደቂቃ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ያመለጠው ሰው ያመለጠውን ለማካካስ ሲሞክር ጉልበቱን አሳምሞ ሁለት ሳምንት ሲተኛ ነው ትንሹ ኪሳራ ትልቅ የሚሆነው።

«ሥራ እያለኝ እንዴት» ለሚል ሰው የ2018ቱን የቦስተን ማራቶን አነሣለሁ። ዝናብ፣ ብርድና የፊት ለፊት ንፋስ በአንድ ቀን ተሰብስበው ምርጦቹን አንድ በአንድ ከውድድሩ ሲያስወጧቸው፣ በወንዶች ያሸነፈው በጃፓን ሳይታማ ግዛት በትምህርት ቤት አስተዳደር ሙሉ ቀን የሚሠራው ዩኪ ካዋውቺ ነበር፤ 2:15:58። በሴቶች ሁለተኛ የወጣችው ሳራ ሴለርስ ነርስ ነበረች። ካዋውቺ በእርግጥ ተራ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ከሥራው የተነሣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይሮጥ ነበር፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጨክናል፣ ሌላው ዝግ ያለ ሶምሶማ ነበር። ጊዜ ያነሰው ሰው ቀላሉን ቀን ማፍጠን አለብኝ ብሎ ሲያስብ፣ ጊዜ ያነሰው ባለ ድል ያደረገው ተቃራኒውን ነው።

አሁን አብዛኞቹ የእንግሊዝኛ እቅዶች የማይነኩትን ነገር ላንሣ፤ በለንደን፣ በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም ለሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ዋና ጉዳይ ነው። የጸደይ ማራቶን ከባድ ሳምንታት የሚውሉት በጾም ውስጥ ነው። በ2025 ፋሲካ የዋለው ኤፕሪል 20፣ ከለንደን ማራቶን አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ነበር፤ በ2026 ደግሞ ኤፕሪል 12። 55ቱ የሁዳዴ ቀናት ከፌብሩዋሪ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ ረጃጅሞቹን እሁዶች በሙሉ ሸፈኑ። ረመዳንም በሁለቱም ዓመታት በዚያው ሰሞን ነው የገባው። እቅዱ «ከሩጫ በኋላ እንቁላልና ወተት» ይላል፤ ለሚጾም ሰው ምንም አልነገረውም።

ጾሙና ልምምዱ ግን አይጣሉም፣ ከታሰበበት። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ሽሮ በበቂ መጠን ከተበሉ ለጡንቻ የሚያስፈልገውን ይሰጣሉ፤ ችግሩ ጿሚው መጠኑን ሳያውቅ መቀነሱ ነው። እንጀራና ቂንጬ ለማራቶን የሚፈለገው የኃይል ምግብ ናቸው። በሶ በውኃ ተበጥብጦ ከሩጫ በፊት የሚጠጣ ስንቅ መሆኑን አያቶቻችን ያውቁታል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ከባዱን ሥራ ማለዳ ሠርቶ ስምንት ሰዓት በባዶ ሆድ መዋል የለበትም፤ ልምምዱን ወደ መብሊያው ሰዓት ያስጠጋው። ቅዳሜና እሁድ ግን እስከ 9 ሰዓት መጾም ስለሌለ ረጅሙ ሩጫ እዚያ ይመቻል፤ እሁድ ቅዳሴ ያለበት ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ያድርገው። በረመዳን ደግሞ ቀላሉን ሩጫ ከማፍጠሪያው በፊት ባለው ሰዓት፣ ከባዱን ከበሉና ከጠጡ በኋላ ማድረግ ይቻላል፤ የወሩንም ጠቅላላ መቀነስ አያሳፍርም። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የደም ማነስ ያለበት ሐኪሙን ሳያማክር አይሞክረው።

አሁን የመጡት ራሳቸውን የሚያስተካክሉ እቅዶች፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚመሩት፣ ከፍሪጁ ወረቀት የተሻሉ ናቸው። ያመለጠን ሩጫ አይተው ቀጣዩን ይቀንሳሉ። ሰዓቱ የልብ ምት ያያል፤ ዓርብ ማታ ልቅሶ ቤት መታደሩን፣ ሐሙስ ሙሉ ቀን አለመበላቱን ግን ሯጩ ካልነገረው አያውቅም። ለዚህ ነው ሰው ያለበት ቡድን አሁንም የሚበልጠው። አብሮህ የሚሮጥ ሰው ፊትህን አይቶ «ዛሬ ይብቃህ» ይልሃል።

የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ላይ አጭር ልናገር፤ ነገሩ ግልጽ ነው። ከ158,000 በላይ አማተሮችን ያየ የ2021 ጥናት ለሦስት ሳምንት በሥነ ሥርዓት ልምምዳቸውን የቀነሱት፣ እምብዛም ካልቀነሱት ይልቅ አምስት ደቂቃ ተኩል ያህል እንደፈጠኑ አሳይቷል። በእነዚያ ሳምንታት ሯጭ ይጨነቃል፣ እግሩ የሚያመው ይመስለዋል፣ አንድ የመጨረሻ ረጅም ሩጫ ያምረዋል። ይተወው።

በውድድሩ ቀንም የሚፈርደው ይኸው ጠባይ ነው። ለንደን ከግሪኒች ሲነሣ መጀመሪያ ቁልቁል ስለሆነ ሁሉም ይፈጥናል። ታወር ብሪጅ ግማሹ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ይመጣል፤ ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል፣ ሰውም እዚያ ላይ ጉልበቱን ይበትናል። ከዚያ በካናሪ ዋርፍ ሕንፃዎች መካከል፣ 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ሒሳቡ ይመጣል። እጅግ ብዙ የማራቶን ውጤቶችን የመረመረ ጥናት ከወንዶች 28 ከመቶ፣ ከሴቶች 17 ከመቶ በመጨረሻው ክፍል ፍጥነታቸው ክፉኛ እንደሚወድቅ አግኝቷል። ልዩነቱን ሴቶች ከመነሻው ጀምሮ እርምጃቸውን በመያዛቸው ነው የምረዳው። በፍርሃት ውኃ አብዝቶ መጠጣትም አደጋ አለው፤ በ2002 የቦስተን ማራቶን ከተመረመሩት 488 ሯጮች 13 ከመቶው በደማቸው ውስጥ ያለው ጨው ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኝቷል። ሲጠማ መጠጣት ይበቃል።

ከአሠልጣኞቻችን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። በአዲስ አበባ በየጠዋቱ በጫካና በአስፋልት የሚሠራው ዕውቀት ለምርጦች ብቻ መቅረት የለበትም። ለተራው ሰው፣ ከጾሙ፣ ከፈረቃውና ከምግቡ ጋር የተስማማ የማራቶን እቅድ በአማርኛ ጽፈው ያውጡ። በታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር የሚሮጠው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አንባቢ ይሆናቸዋል፤ በየአገሩ የተበተነውም እንዲሁ።

ለሚቀጥለው ሚያዝያ የሚያስቡ አንባቢ ደግሞ ጃንዋሪን አይጠብቁ። በመስከረም በሳምንት ሦስት ቀን እያወሩ መሮጥ ይጀምሩ፤ ጥር ሲገባ 14 ኪሎ ሜትር ሳይቸገሩ የሚሮጡ ከሆነ ያን ጊዜ እቅዱን ያውጡ። ካልደረሱ ማራቶኑን ለሌላ ዓመት ያቆዩትና በዚህኛው ጸደይ ግማሹን ይሩጡ።